መኪናዋ ቆመች ወይ?

ጅቡቲ፣ አርሂባ
ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ የወንድሜ ልጅ ለመነን መርሻ፣

የሰማይ አምላክ አንቺን ከነእናትሽ፣ ከነእጮኛሽ፣ ከነዚያ ባቡር ባለፈ ቁጥር ከሚያላዝነው ውሻችሁ በጤና ያቆይልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ባየ ቁጥር ይሳደባል።

የሠርግሽን ቀን ሁንዴ ነገረኝ፤ ግንቦት 10 ነው አለ። የከባድ መኪና ሾፌር ከአጎት ቀድሞ እንዲሰማ ማድረግሽን ይቅር ብዬሻለሁ፤ አልረሳሁትም እንጂ። አሁን ስሚኝ። አባትሽ በሕይወት ቢኖር ሙሽራዋን በራሱ ታክሲ ነበር የሚያወጣት። እሱ ስለሌለ ተራው የእኔ የታናሽየው ነው። ፔጆ 404ቷን ይዤ በአሊ ሳቢህና በደወሌ በኩል ድሬ እገባለሁ። ከዚያ አንቺን ከነቬሎሽ ከኋላ ወንበር አስቀምጬ በደንገጎ ዳገት በኩል ሐረር፣ የእጮኛሽ የሚናስ ቤተሰቦች ደጅ ድረስ አደርስሻለሁ። ሌላ መኪና ተከራይተሽ ብትጠብቂኝ ግን ወጥ እንኳ ሳልቀምስ እመለሳለሁ።

ችግሩ አሮጊቷ ትንሽ አሟታል። ቤንዚን መስጫውን ስረግጥ መጀመሪያ ታስባለች፣ ከዚያ ትታነቃለች፣ ከዚያ ነው የምትነሳው። ካርቡራቶሩ ውስጥ፣ እግር ሲረገጥ ትንሽ ተጨማሪ ቤንዚን የምትረጭ ፓምፕ አለች፤ የእሷ ስስ ጎማ ደርቋል ማለት ነው። ይህን ማንም አላስተማረኝም። ካርቡራቶርን ያስተማረኝ ራሱ ካርቡራቶሩ ነው። መጀመሪያ ፈትቼ የገጠምኩት ጊዜ እፍኝ ሙሉ ቡሎን ተርፎኝ ነበር፤ አሁን አይተርፈኝም፣ እንዲያውም አንዳንዴ ይጎድለኛል።

ሌላም ጠባይ አውጥታለች። እግሬን ባነሳላትም አንዳንዴ አትሰማኝም፤ እየጮኸች ትቀጥላለች። ልክ እንደ እናትሽ እንደ ሻሼ፤ ዝም በይ ሲሏት ይብስባታል። ፔዳሉን በጫማዬ ጫፍ ከሥር ቀና ሳደርገው ትረጋጋለች። እሱ ምንም አይደል፣ ተላምደናል።

እዚህ የ404 ዕቃ የሚሸጥ ሰው ሞቶ አልቋል። እናንተ ድሬዎች ግን ዛሬም በእሷ ታክሲ ትሳፈራላችሁ፤ ስለዚህ ያችን ስስ ጎማ ከአሮጌ ዕቃ ተራ ፈልገሽ በሁንዴ ላኪልኝ። ደውል ደግሞ አትበይኝ። ስልክ ላይ አንቺ ታስቂኛለሽ፣ ዋናው ነገር ይረሳል፤ ዕቃውም በአየር አይመጣም።

ደብዳቤውን ለእናትሽ አንብቢላት፤ ስለ እሷ የጻፍኩትን ዝለዪው። እንደማትዘዪው አውቃለሁ።

አጎትሽ ደስታው


ድሬዳዋ፣ ለገሀሬ
የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድህ ጋሼ ደስታው፣

እግዚአብሔር እንደ 404 ያለ የማያልቅ ዕድሜ ይስጥህ፤ ጠባይዋን ግን አይስጥህ። እኛ ደህና ነን። ውሻው ሞቷል፤ አሁን የሚያላዝነው የጎረቤት ነው።

ደብዳቤህ በሁንዴ መኪና ሽንኩርት ሽንኩርት እየሸተተ ደረሰኝ። ጎማዋን ከአንድ የአባቴ ጓደኛ አገኘሁ። ታክሲውን ለባጃጅ ልጆች አስረክቦ ዕቃውን ብቻ እንደ ልጅ ፎቶ ያስቀምጣል። «ለመርሻ ልጅ ነው» ስለው ሰጠኝ። እማዬ ደግሞ ከቁልቢ ያመጣችውን ጠበል በሃይላንድ ሞልታ ልካልሃለች፤ እምነቱንም ከአመዱ ቆንጠር አድርጋ በጥብጣበታለች። ለጉልበትህ ነው። እንደማትጠጣው ብታውቅም ልካለች።

አንድ ነገር ልንገርህ። ደብዳቤህን ሳነብላት ስለ እሷ የቀለድከውን ልዘለው ብዬ አፌ ቀደመኝ። ትስቃለች ብዬ ቀና ስል ፊቷ ተለውጧል። «እስቲ ድገሚው» አለችኝ። ደገምኩት። «እግሩን ሲያነሳም ትጮኻለች ነው የሚለው?» አለች። አዎ አልኳት። ነጠላዋን አንስታ ወጣች። አስቀይመሃታል መሰለኝ፤ በሚቀጥለው ደብዳቤህ አባብላት።

አሁን ደግሞ የእኔ ጥያቄ። አምና ለጥምቀት እመጣለሁ ብለህ ጎማ ነው አልክ። ከዚያ በፊት ባትሪ ነበር። ጋሼ፣ ካርቡራቶር የሚባለው አዲስ ሰበብ እንዳይሆን ፈራሁ። አባቴ በሌለበት ማን እጄን ይዞ ለእነ ሚናስ እንደሚሰጠኝ ሰዎች ይጠይቁኛል፤ አጎቴ እያልኩ ነው። እንዳታሳፍረኝ።

ልጅህ መነን


አርሂባ
የካቲት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማታምነኝ ልጄ ለመነን፣

ላንቺ ጤና፣ ለሻሼ ጤናና ይቅር ባይነት፣ ለሞተው ውሻ ዕረፍት። ሁንዴንም እግዜር ይስጠው፤ ጥቅሉን ከነማሰሪያው አመጣ፣ የላክሽው ዳቦ ቆሎ ግን ከላይ ጎድሏል። እኔ አልጠረጠርኩትም፤ ሆዱ ነው የመሰከረበት።

ጎማዋን አርብ ጠዋት ገጠምኩ። የዚያኑ ቀን በካርቲየ 5 ውስጥ ለውስጥ ሳሽከረክራት ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ቤንዚን ስረግጥ ማሰብ ትታለች፤ እንደ ጎረምሳ ትነሳለች። ለሻሼ የሚሆን ይቅርታ እየፈለግሁ፣ እያንጎራጎርኩ ገባሁ።

በማግስቱ ወደ ባልባላ መውጫ ላይ ሁለቴ አስላት፣ አንዴ አነጠሳት፣ ቆመች። ከኋላዬ የሚኒባስ ሰልፍ። በጥሩንባም በአፍም፣ በሦስት ቋንቋ ተሰደብኩ። ካንዴላ አየሁ፣ ደህና ነው። እሳቱ አለ። ቤንዚን ይመጣል። ግን ሳልረግጣት ስትቆም ትሞታለች፣ ስረግጣት ትታነቃለች።

አሁን ጥርጣሬዬን ልንገርሽ። ከእኔ በታች የሚኖረውን ሙሐመድኑርን ታውቂዋለሽ፤ ስንት ዓመት ሙሉ ይህችን መኪና ሽጥልኝ እያለ የሚነዘንዘኝን። መንገድ ላይ እንደቆምኩ ማን ከች ቢል ጥሩ ነው? እሱ። ቀዝቃዛ ውሃ ይዞ።

«ቶንቶን» አለኝ፣ አጎቴ ማለቱ ነው፣ «ይህች ዕረፍት ያስፈልጋታል። እኔ ጋ ትረፍ።»

«የት እንደምትቆም በምን አወቅህ?» አልኩት።

«ዋላሂ፣ ጥሩንባው አርሂባ ድረስ ይሰማል።»

መልሱ ፈጠነብኝ። እውነተኛ ሰው መጀመሪያ ትንሽ ይደናገጣል። ስለዚህ ወጥመድ አጥምጃለሁ። በኮፈኑ ክፍተት ላይ ጥቁር ክር በምራቅ አጣብቄአለሁ፤ ኮፈኑን የከፈተ ክሩን ይበጥሳል። ለማንም አልተናገርኩም፤ ለየምስራች እንኳ። የወሎዋን ልጅ አልረሳሻትም መቼም፤ ባሕሩ ዳር ባሉት ትልልቅ ቤቶች እዚያው እያደረች የምትሠራዋን። አርብ አርብ ዕረፍቷ ስለሆነ እኔ ጋ ትመጣለች፣ ሽሮ ትሠራለች፣ የላክሽውን ጥቅል እየፈታች በስልኳ ከእናትሽ ጋር ታወራለች። ምን እንደሚያወሩ እንጃ፤ ስገባ ያቆማሉ። እየቦጨቁኝ ይሆናል።

በካርቡራቶሩ ጎድጓዳ ውስጥ የቤንዚኑን ከፍታ የምትቆጣጠረውን መርፌና ከታች ያለችውን ትንሿን ባለቀዳዳ ቡሎን ላኪልኝ። ሻሼን ደግሞ ቀልድ ነው በያት።

ደስታው


ድሬዳዋ
መጋቢት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ደስታው፣

ባለህበት ሰላም ይብዛልህ። የዘገየሁት ሁንዴ ደወሌ ላይ ፍተሻ ቆሞ ስለሰነበተ ነው፤ በእኔ አትፍረድ።

መርፌውም ቡሎኗም በዚህ ጥቅል ውስጥ አሉ። ጠበልም አለ፤ አሁን በትልቁ ጠርሙስ። ለምን ጨመርሽ ብላት «ስላልበቃው» አለችኝ።

ቀልድ ነው ብያለሁ፣ እሷ ግን አልሰማችኝም። ደብዳቤህን ከመክፈቴ በፊት የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «መኪናዋ ቆመች ወይ?» ጤናህን አትጠይቅም፣ መምጣትህን አትጠይቅም። ባልባላ መውጫ ላይ መቆሟን ሳነብላት «ተመስገን» ያለች መሰለኝ። ምን አልሽ ስላት «ቤንዚን ጨረሰ ወይ ነው ያልኩት» አለች። ጋሼ፣ እዚህ ቤት ሰው ሁሉ የሚለውና የሚያስበው ተለያይቶብኛል።

ስለ ሙሐመድኑር የጻፍከውን ለሚናስ ነገርኩት። እሱ ሳቀና «አጎትሽ መምጣት ካልፈለገ ለምን አይናገርም?» አለኝ። ተቆጣሁት። ከተቆጣሁት በኋላ ግን ብቻዬን ሆኜ አሰብኩበት።

መነን


አርሂባ
ሚያዝያ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለመነን፣

ሰላም ለቤታችሁ።

ክሩ አልተበጠሰም። ይህን ቀድሜ የምነግርሽ ሌላው ሁሉ ከዚህ ስለሚመጣ ነው። መርፌውን ገጠምኩ፣ ትንሿን ቡሎን ቀየርኩ፣ አንድ ቀን እንደ ንግሥት ሄደች፣ ከዚያ ደግሞ ቆመች፤ ባለፈው ጊዜ ዕቃ መጥቶ እንደሆነው ሁሉ። ክሩ ግን እንዳጣበቅኩት አለ። ኮፈኑን ማንም አልነካም። ሙሐመድኑር ላይ ያጠራቀምኩት ክስ ሁሉ እጄ ላይ ቀረ፤ ደህና ክስ ነበር።

ስለዚህ ሰውን ትቼ ማሽኑን ጠየቅሁ። ከካርቡራቶሩ ሥር አየር ይስባል እንዴ ብዬ ዙሪያውን የሳሙና ውሃ ቀባሁ፤ ሞተሩ ድምፁን አልለወጠም። ማጣሪያውን ነፋሁ፤ ነፋሱ ያልፋል። በመጨረሻ የጎድጓዳውን ቤንዚን በሻይ ብርጭቆ ቀድቼ መስኮት ላይ አስቀመጥኩት። የምስራች ሻይ መስሏት ልትጠጣው ነበር።

ቤንዚኑ ሲረጋጋ ከታች ውሃ ተኛ። እንደ ዶቃ ክብ ክብ እየሠራ የሚንከባለል ውሃ። ከውሃውም በታች ስስ ግራጫ ዝቃጭ አለ። ትንሿን ቀዳዳ የሚደፍናት እሱ ነው። ጅቡቲ ላይ ዝናብ ካየሁ ሰነበትኩ። ታዲያ ይህ ውሃ ከየት መጣ? ቤንዚን ሻጩ ቀላቅሎ እንዳልል የሙሐመድኑር ሞተር ሳይክል ከዚያው ትቀዳለች፣ እሷ ደህና ናት።

መነን፣ ልጽፈው ያልፈለግሁትን ልጻፈው። መኪናዋ የምትታመመው አንቺ መድኃኒት በላክሽላት ማግስት ነው። ሁለቴም። ዕቃ ካልመጣ እየታነቀችም ቢሆን ትሄዳለች፤ ዕቃ ሲመጣ ትሞታለች። የሚናስ ቤተሰቦች ባለ ነጭ ላንድክሩዘር ናቸው ሲሉ ሰምቻለሁ። አሮጌ ፔጆ የሚነዳ አጎት በር ላይ ቢቆም የምታፍሪ ከሆነ፣ ንገሪኝ። በቀልድ ንገሪኝ፣ በቀልድ እሰማለሁ። በዕቃ አትንገሪኝ።

ካርቡራቶሩን አውርጄ ላጥበው ነው። ሥሩ ላይ አየር እንዳይስብ የሚገባውን ጓርኒሲዮን ላኪልኝ፤ አሮጌው ሳወርደው ይቀደዳል።

ደስታው


ድሬዳዋ
ሚያዝያ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአቶ ደስታው፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረስዎ።

የጠየቁት ጓርኒሲዮን በፖስታው ውስጥ አለ። እማዬ ጠርሙሷን አልተወችም፣ እሷም አለች።

ሁንዴ ባለፈው ሲመጣ ሙሐመድኑር መሪ ጨብጦ መኪናዋ ውስጥ ተቀምጦ እንዳየው ነግሮኛል። ሸጠውለታል ወይስ አልሸጡለትም? አዎ ወይም አይ ብለው ይመልሱልኝ። ውሃውን እኔ ላይ ከማፍሰስ እሱ ይቀላል።

ቬሎዬን ትናንት ለካሁት። ይህን የምጽፈው ስለሚያገባዎት አይደለም።

መነን መርሻ


አርሂባ
ሚያዝያ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ወይዘሪት መነን መርሻ፣

ድሬ ተወልዶ ያደገ ሰው አጎቱን አንቱ ካለ ነገሩ ከፍቷል ማለት ነው። ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ አንዱን ቆሜ። መልሱ አይ ነው፤ አልሸጥኩም። አሁን ተቀመጪና የሆነውን ስሚ።

ጓርኒሲዮኑ ሲደርስ አልገጠምኩትም። ዕቃ ሲመጣ ነው የምትታመመው ካልኩ፣ ዕቃው ሳይነካ ማን እንደሚመጣ ልይ አልኩ። ትናንት አርብ ነበር። የምስራች ጥቅሉን ስትፈታ «ባሕሩ ዳር ነፋስ ልቀበል» ብያት ወጣሁ፣ ዞሬ መኪናዋ ውስጥ ገባሁና ኋላ ወንበር ላይ አንሶላ ለብሼ ተኛሁ። በጅቡቲ ቀትር፣ መስኮት ዘግቼ። አጎትሽ የተቀቀለው ለእውነት ሲል ነው።

ጫት ገብቶ መንገዱ ጭር ሲል የነጠላ ጫማ ድምፅ መጣ። ኮፈኑ ጋ አልቆመም፤ አልፎ ወደ ኋላ ሄደ። የቤንዚን ሰልባቲዮው ክዳን ተንቋቋ። ከዚያ በሹክሹክታ «በስመ አብ ወወልድ» ሲባል ሰማሁ፣ ከዚያ ቡልቅ ቡልቅ የሚል ድምፅ። አንሶላዬን እንደለበስኩ ቀና አልኩ። የምስራች በኋላ መስታወት ስታየኝ ሲኒው ከእጇ ወድቆ ተሰበረ።

«ምን እያጠጣሻት ነው?» አልኳት ወርጄ።

«ጠበል።»

«ለእኔ የተላከውን?»

«እርስዎ እንቢ ይላሉ። እሷ አትልም።»

የሲኒውን ስብርባሪ ትለቅማለች፤ እኔ እየሳቅሁ ነው፤ አንሶላው አልወልቅ ብሎኛል። «ማን አዘዘሽ?» አልኳት።

«እትዬ ሻሼ። ዕቃ በመጣ ቁጥር አንድ ሲኒ፣ ስለት ነው፣ ለማንም እንዳትናገሪ አሉኝ። ለመንገዱ እንዲጠብቃችሁ ነው። እስከ ዛሬ ስትቆም የነበረው በእኔ ነው እንዴ?»

አልቅሳ ሽሮው እስኪያርር አባበልኳት። ግራጫው ዝቃጭ የቁልቢ እምነት ነበር፤ አየሽ፣ መኪናዋ በታመመች ቁጥር ዕቃ እንጠይቃለን፣ ዕቃ ሲመጣ ጠበል ይጨመርላታል፣ ጠበል ሲጨመርላት ትታመማለች። እንዲህ ያለ የተባረከች መኪና በአፍሪካ ቀንድ የለም።

ከዚያ ወደ ሙሐመድኑር ወረድኩና እንደጠረጠርኩት ነገርኩት። «መሪ ጨብጠህ ተቀምጠህ ነበር ተብሏል» አልኩት። «ከሚስቴ ሸሽቼ ነዋ፤ ያንተ መኪና ስለማትሄድ ማንም አይፈልገኝም» አለኝ። ስለ ክሩም አውቋል። «ፀጉርህ መስሎኝ ነበር፤ ያለችውም መርገፍ ጀመረች ብዬ አዘንኩልህ» አለ።

አንቺን ግን በቀልድ ልክስሽ አልችልም። የጻፍኩትን ደብዳቤ መልሺልኝና በካንዴላ እሳት ላቃጥለው።

አንድ ነገር ቀረኝ። ሻሼ ዕድሜዋን ሙሉ የ404 ታክሲ ሚስት ነበረች። ጎርፍ ታክሲው ውስጥ በገባ ጊዜ መርሻ ካርቡራቶሩን ግቢ ውስጥ ሲፈታ ትሪውን የምትይዝለት እሷ ነበረች። ውሃ ምን እንደሚያደርግ ሳታውቅ ነው? አንቺ ጠይቂያት። እኔ ብጠይቃት በቀልድ ትመልስልኛለች፤ ከእኔ ጋር ሌላ ቋንቋ የለንም።

አጎትሽ፣ አንተ የሚባለው፣ ደስታው


ድሬዳዋ
ሚያዝያ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድህ ጋሼዬ፣

ጌታ ከተዘጋ መስኮት ይጠብቅህ። ደብዳቤህን አልመልስም፤ ስትሸመግል አነብልሃለሁ።

እማዬን ጠየቅኳት። ምስር እየለቀመች ነበር፤ እጇን አላቆመችም።

«ታውቂ ነበር?» አልኳት።

«ምኑን?»

«ውሃ እንደሚያቆማት።»

«ጠበል ነው የላክሁት፣ ውሃ አይደለም» አለች። ጠጠር ለቀመች፣ ጣለች፣ እንደገና ለቀመች። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፤ እንዳለችው እጽፍልሃለሁ።

«አባትሽ ደንገጎ ላይ የሞተ ጊዜ ፍሬን ነው አሉ። ሁሉም ፍሬን አለ። እዚያ ዳገት ላይ ጫት የምትሸጥ ሴትዮ ግን ለቅሶ ልትደርሰኝ መጥታ ‹መኪናው እየጮኸ ነበር የወረደው› አለችኝ። እየጮኸ። ለማን እንደምነግር አላውቅም ነበርና ለማንም አልነገርኩም። ይኸው ስንት ዓመት ያን ጩኸት ብቻዬን ስሰማው ኖርኩ። ደስታው ደግሞ እየሳቀ እግሬን ባነሳም ትጮኻለች ብሎ ጻፈልሽ፣ አንቺም እየሳቅሽ አነበብሽልኝ። በዚያው መንገድ አንቺን ጭኖ ሊወጣ። አትምጣ ብለው ቀልድ ያደርገዋል፤ መኪናህን ተው ብለው ይብስበታል። ስለዚህ ለገብርኤል ሰጠሁት። ጠበሉ ወይ ይጠብቃታል፣ ወይ ያቆማታል። ለእኔ ሁለቱም አንድ ነው።»

ምስሩን ይዛ ገባች።

ጋሼ፣ ከጥር ጀምሮ እኔና አንተ ስለምትታነቅበት ቤንዚን ስንጻጻፍ ነው የከረምነው። ስለዚያኛው ጠባይዋ አንድ ጊዜ ጻፍክ፣ ‹ምንም አይደል› አልክ፣ አለፍነው። እማዬ ብቻ አላለፈችውም። እባክህ ያን ቦታ ክፈተውና እየው። ያየኸውንም ሳትቀልድ ጻፍልኝ።

እጄን የሚይዘው መኪናዋ አይደለችም፤ አንተ ነህ። በፈለግኸው ና።

ልጅህ መነን


አርሂባ
ሚያዝያ 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለመነን፣

ሰላምታዬን ላሳጥረው፤ እጄ ቅባት ነው።

ካርቡራቶሩን አውርጄ ከፍቼዋለሁ። በጎድጓዳው ያለውን እምነት አጠብኩ፤ እሱ ቀላል ነበር። ከዚያ እንዳልሽኝ ያን ቦታ አየሁ። በካርቡራቶሩ ጉሮሮ ውስጥ ቢራቢሮ የምንላት ክብ ክዳን አለች፤ ቤንዚን ሲረገጥ ትከፈታለች፣ እግር ሲነሳ ውጭ ያለችው ሞላ ጎትታ ትዘጋታለች። ሞላዋን በጣቴ ነካ ሳደርጋት ተበጠሰች። የባሕሩ ጨው በልቷታል፤ በአንድ ዙር ብቻ ተንጠልጥላ ነው የኖረችው። ቢራቢሮዋን ከፈትኳት፤ ተከፍታ ቀረች። ዘንጓም ዝጓል። ገፋኋት፣ አልተመለሰችም። ሙሐመድኑር አጠገቤ ቆሞ ነበር፣ የምስራችም ነበረች፤ ሁለቱም አጎንብሰው አዩዋት።

ፍሬን ያጣ መኪና ይሮጣል እንጂ አይጮኽም፣ መነን። ሞተር የሚጮኸው ቤንዚን እየጠጣ ሲሄድ ነው። ይህን ከሻሼ በቀር ማንም አልጠየቀም። የመርሻን መኪና ዛሬ ከፍቼ ላይ አልችልም፤ ብረቱም የለም። የእኔ ግን እጄ ላይ ናት፣ ከፍቼ አየኋት። በደንገጎ ላይ፣ አንቺ ከኋላዬ ተቀምጠሽ፣ በጫማዬ ጫፍ ፔዳሉን ቀና ላደርግ ነበር።

እንግዲህ ቀልድ ከለከልሽኝ፤ እዚህ ድረስ ታዝዣለሁ፣ ከዚህ በኋላ አልችልም።

በባቡር ነው የምመጣው፣ ከነጋድ ጣቢያ ተሳፍሬ። ባቡር ካርቡራቶር የለውም፤ የሚጠጣውም ጠበል አይታወቅም። 404ቷን ለሙሐመድኑር አደራ ሰጥቻለሁ፤ ከሚስቱ መሸሸጊያ ብቻ ትሁን ብዬ፣ ቁልፉን ይዤ። ሐረር በነጭ ላንድክሩዘር እንወጣለን፤ እኔ ከፊት እቀመጥና ሾፌሩን በየመታጠፊያው እመክረዋለሁ፤ እዚያ ደርሶ ሥራ የሚለቅ ይመስለኛል።

የምስራች የተረፈውን ጠበል በአዲስ ሲኒ ቀድታ አመጣችልኝ። «እሷ ስለማትጠጣ እርስዎ ይጠጡ» አለችኝ። ጠጣሁት። አመድ አመድ ይላል። ጉልበቴ አሁንም ይሳደባል፣ ድምፁን ግን ዝቅ አድርጓል።

ለሻሼ ምን ይዤ እንደምመጣ ሳስብ ነበር። ሽቶ አሰብኩ፣ ሻርፕ አሰብኩ። ይዤ የምመጣው ግን የተበጠሰችውን ሞላ ነው፤ በመሐረብ ጠቅልያታለሁ። ጣቢያው ላይ እጇ ውስጥ አኖርላታለሁ። «መኪናዋ ቆመች ወይ?» ብላ ከጠየቀችኝ «ቆማለች» እላታለሁ። ሌላ ቃል አልጨምርም።

እንደማልችል ብትጠረጥሩ አልፈርድባችሁም።

አጎትሽ ደስታው